ቶር ፒኛታራ፦ የማሰሮ ግንብ፣ የእሌኒ መቃብርና የአንድ ተከላካይ ታሪክ

"እሑድ ከሰዓት ልጆቹን ይዘን ወዴት እንሂድ?" ለምትሉ፣ በዚህ ወር ብዙ ገንዘብ የማይጠይቅ የግማሽ ቀን ጉዞ ይዤላችሁ መጥቻለሁ። የምንሄደው እዚሁ ሮም ውስጥ ነው፤ ቶር ፒኛታራ። ብዙዎቻችሁ ሰፈሩን ታውቁታላችሁ፤ እዚያው የምትኖሩም አላችሁ። ግን እስቲ አንድ ጊዜ እንደ እንግዳ ሆነን እንየው።

እውነቱን ልንገራችሁ፣ እኔ ጉዞውን ያሰብኩት ለሽርሽር ብዬ አልነበረም። ትልቁ ልጄ አሥራ አንድ ዓመቱ ነው። በሰፈር የእግር ኳስ ቡድን ውስጥ ተከላካይ ሆኖ ይጫወታል። አንድ ቅዳሜ ኳሷን ከግብ አፋፍ አርቃለሁ ሲል በራሱ ግብ ላይ አስቆጠረ፤ ቡድኑም በዚያችው አንድ ግብ ተሸነፈ። ጓደኞቹ ምን እንዳሉት አልነገረኝም። ከዚያ ወዲህ ግን የልምምድ ቀን በደረሰ ቁጥር "እማ፣ ሆዴን አመመኝ" ማለት ጀመረ። እኔ ደግሞ "ኧረ ተው! ኳስ እኮ ነው፤ ለዚህ ነው እንዲህ የምትሆነው?" አልኩት። ጥፋቴ የገባኝ ቆይቶ ነው። እንዲያ ካልኩት በኋላ ጭራሽ ዝም አለ።

እናም አንድ እሑድ እሱንና ታናሽ እህቱን ይዤ ወጣሁ። ቤት ውስጥ ፊት ለፊት ተቀምጠው የማያወሩትን ነገር ልጆች አንዳንዴ ጎን ለጎን ሲራመዱ ያወሩታል።

እንዴት ትደርሳላችሁ?

ከቴርሚኒ ጎን፣ በጆሊቲ ጎዳና ላይ ካለው ላዚያሊ ጣቢያ የምትነሳ ትንሽ ቢጫ ባቡር አለች። ካዚሊና ጎዳናን ይዛ እየተንገጫገጨች እስከ ቼንቶቼሌ ትሄዳለች። እናንተ "ቶር ፒኛታራ" በሚለው ፌርማታ ላይ ትወርዳላችሁ። ባቡሯ የማትሠራበት ቀን ሊያጋጥም ስለሚችል ከመውጣታችሁ በፊት አረጋግጡ። ካልሆነም 105 ቁጥር አውቶቡስ በዚያው ጎዳና ያልፋል።

ለመንገዱ የሚሆን ጨዋታ ከፈለጋችሁ ልጆቹን "ከጣሊያንኛ ወስደን አማርኛ ያደረግናቸውን ቃላት ቁጠሩ" በሏቸው። ፌርማታ ራሱ አንዱ ነው። ማኪና፣ ጎማ፣ ፉርኖ፣ ፓስታ... ትንሿ ልጄ ዘጠኝ ቆጠረች። ወንድሟ በመስኮት እያየ ዝም።

ከባቡሩ ስትወርዱ መጀመሪያ የሚቀበላችሁ የቅመም ሽታ ነው። ቶር ፒኛታራ በሮም ከሚኖሩ የባንግላዴሽ ሰዎች ብዙዎቹ የከተሙበት ሰፈር ነው። የሱቆቹ ጽሑፍ ግማሹ በቤንጋሊ ፊደል ነው፤ በየደጁ ዝንጅብል፣ ቃሪያና ኮረሪማ የሚመስል ሄል ተደርድሯል። የኛ ሰው እዚህ ሲገባ ቋንቋው ባይገባውም ወጥ ቤቱ ይገባዋል።

ወንድሙ አስመራ ያለ ሲኒማ

ከካዚሊና ወደ አኳ ቡሊካንቴ ጎዳና ስትታጠፉና ጥቂት ስትራመዱ አንድ ያረጀ ትልቅ ሕንፃ ታገኛላችሁ። ሲኒማ ኢምፔሮ ይባላል። እዚህ ላይ ቆም በሉ።

ኢምፔሮ ማለት የንጉሠ ነገሥት ግዛት ማለት ነው። የማን ግዛት? የሙሶሊኒ ጦር አዲስ አበባ የገባው በ1936 በግንቦት ወር ነው። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመቶች ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።) በዚያው ሳምንት ሙሶሊኒ "ኢምፔሮ ሆነናል" ብሎ አወጀ። ከዚያ በኋላ በነበሩት ዓመታት የተሠራው ይህ ሲኒማ ያን ስም ይዞ ቀረ። ያቀደው ማሪዮ ሜሲና የሚባል አርክቴክት ነው። እሱው ደግሞ አስመራ ውስጥ ሌላ ሲኒማ ኢምፔሮ ሠርቷል፤ 1937 ላይ። የአስመራው እስካሁን የከተማዋ ጌጥ ነው። አስመራም በ2017 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ሆና ተመዝግባለች። የሮሙ ግን ፊልም ማሳየት ካቆመ አሥርት ዓመታት አልፈውታል፤ የሰፈሩ ነዋሪዎችም ተመልሶ እንዲከፈት ሲወተውቱ ኖረዋል።

ይህን ለልጆቼ ነገርኳቸው። "የኛን አገር ወርረው ነው ስም ያወጡለት?" አለች ትንሿ፣ ተቆጥታ። አዎ አልኳት። የወረራው ስም ከግድግዳው አልወረደም፤ ሰፈሩን የሞሉት ግን ከየአገሩ የመጡ ሰዎች ናቸው፤ እኛንም ጨምሮ።

ያኔ ነው ልጄ ለመጀመሪያ ጊዜ አፉን የከፈተው። "ከአስመራ ዘር የሆነ ታዋቂ ስፖርተኛ አለ?" አለኝ። ቢኒያም ግርማይ አልኩት፣ የብስክሌቱ ጀግና። "እሱንማ አውቀዋለሁ። ተከላካይ ማለቴ ነው።"

አለ። ግን እግር ኳስ አይደለም።

በበረዶ ላይ የሚጫወቱት ገና

ወደ ካዚሊና ተመልሳችሁ ከከተማው በሚያስወጣው አቅጣጫ ስትራመዱ ቪላ ዴ ሳንክቲስ የሚባል ሰፊ መናፈሻ ታገኛላችሁ። ምሳችሁን ቋጥራችሁ ከሆነ እዚያ ፍቱት። ዕድል ከቀናችሁም ሣሩ ላይ ክሪኬት የሚጫወቱ ልጆች ታያላችሁ። እኛም አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠን፣ እኔ ስለ ኦሊቨር ሺሊንግተን ማውራት ጀመርኩ። ስሙ በላቲን ፊደል ሲጻፍ በኬ ይጀምራል፣ ሲጠራ ግን በሺ ነው። ስማቸውን መምህር በየቀኑ ለሚያጣምምባቸው ልጆች ይህቺ ብቻዋን ታጽናናለች።

ሺሊንግተን የበረዶ ሆኪ ተጫዋች ነው። ይህን ጨዋታ ለልጅ ማስረዳት ካስቸገራችሁ ከኛው ገና ጀምሩ። ጫፉ የተቆለመመ ዱላ፣ ሁለት ወገን፣ ሩሯን እየመቱ ወደ ባላጋራ ወገን መግፋት። አሁን ሜዳውን በረዶ አድርጉት። በሩሯ ፋንታ 170 ግራም ገደማ የምትመዝን ጠፍጣፋ ጥቁር ጎማ አስቀምጡ። ተጫዋቹን ከሥሩ ስለት ያለው ጫማ አጫሙት። በቃ፣ ይኸው ነው።

በአንድ ወገን ስድስት ሰው ይሰለፋል፦ አንድ ግብ ጠባቂ፣ ሁለት ተከላካይና ሦስት አጥቂ። ጨዋታው ሃያ ሃያ ደቂቃ ሦስት ጊዜ ነው። ፍጥነቱ ከባድ ስለሆነ አንድ ሰው አንዴ ሲገባ አንድ ደቂቃ እንኳ ሳይሞላ ወጥቶ ሌላ ይተካዋል፤ ትንፋሹ ሲመለስለት ደግሞ ይገባል።

የተከላካዩ ሥራ ለየት ያለ ነው። አጥቂው ወደ ፊት እየበረረ ሲመጣ ተከላካዩ ወደ ኋላ ይንሸራተታል። ፊቱን ወደ ባላጋራው፣ ጀርባውን ወደ ራሱ ግብ አድርጎ፣ በዚያው ፍጥነት የኋሊት! ካልቸኮለና ካልዘገየ አጥቂውን ወደ ዳር ገፍቶ ያስወጣዋል። ያን ጊዜ ግን ማንም አያጨበጭብም፤ ምንም አልተፈጠረማ! አንድ ጊዜ ከሳተ ደግሞ ሁሉም ያየዋል።

ልጄ ይህን ስል ቀና ብሎ አየኝ።

ከስቶክሆልም እስከ ካልጋሪ

ሺሊንግተን በ1997 ስቶክሆልም ተወለደ። አባቱ ስዊድናዊ፣ እናቱ ኤርትራዊት ናት። ገና በአሥራ ስድስት ዓመቱ ፋርየስታድ ለሚባለው ክለብ በስዊድን ከፍተኛ ሊግ ተሰለፈ። እስቲ አስቡት፣ ጢማቸው ከበቀለ ሰዎች ጋር የሚጋጭ የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ! በ2015 የካናዳው ካልጋሪ ፍሌምስ በሰሜን አሜሪካው ትልቅ ሊግ፣ በኤንኤችኤል፣ የአዳዲስ ተጫዋቾች ምርጫ ላይ 60ኛ አድርጎ ወሰደው።

ከዚያ በኋላ ነገሩ የተቃና ይመስላል፣ አይደል? አልነበረም። በትልቁ ሊግ የመጀመሪያ ጨዋታውን ያደረገው በሚያዝያ 2016፣ የመደበኛው ውድድር ማብቂያ ላይ ነው። ከዚያ ለዓመታት ካሊፎርኒያ ውስጥ ስቶክተን በሚገኘው ሁለተኛ ቡድንና በዋናው ቡድን መካከል ሲመላለስ ቆየ። በ2020–21 ቡድኑ 56 ጨዋታ ሲያደርግ እሱ የተሰለፈው በ8ቱ ብቻ ነበር። ቀሪውን ከዳር ሆኖ አየ።

በቀጣዩ ዓመት ግን ቦታውን አገኘ። በ73 ጨዋታ ተሰልፎ 9 ግብ አስቆጠረ፣ 22 ደግሞ አመቻቸ። በሆኪ ያስቆጠረው ብቻ ሳይሆን ለግቡ ያቀበሉት እስከ ሁለት ሰዎች ድረስ በመዝገብ ይጻፋሉ። ልጄ ይህን ሲሰማ "ይሄ ጥሩ ሕግ ነው" አለ።

ያልመጣበት ዓመት

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። በ2022 ክረምቱ አልፎ ቡድኑ ለልምምድ ሲሰባሰብ ሺሊንግተን አልመጣም። ስዊድን ቀረ። ስሙ በገነነበት፣ ሁሉም በሚጠብቀው ሰዓት ማለት ነው። የ2022–23 ውድድር ሙሉ በሙሉ አለፈው። አንድም ጨዋታ አላደረገም።

የአጥንት ስብራት አልነበረም። ኋላ ራሱ በግልጽ እንደተናገረው፣ የአእምሮ ጤናውን መንከባከብ ስለነበረበት ነው። ቡድኑም ጊዜ ሰጠው። በጥር 2024 ሲመለስ በቀጥታ ወደ ትልቁ ሜዳ አልዘለለም፤ መጀመሪያ ለሁለተኛው ቡድን ጥቂት ተጫውቶ እግሩን አፍታታ። ከዚያ ጥር 25 ቀን፣ ጣሪያው እንደ ፈረስ ኮርቻ በጎበጠው በካልጋሪው ሳድልዶም ውስጥ፣ ከሃያ ወር ገደማ በኋላ ወደ በረዶው ወጣ። ሕዝቡ በጭብጨባ ተቀበለው። የዚያን ቀን ቡድኑ ተሸንፏል፤ ጭብጨባው ግን ለውጤት አልነበረም።

በዚያው ዓመት በጽናትና በመልካም ስፖርተኛነት ለሚሰጠው ለቢል ማስተርተን ሽልማት ከመጨረሻዎቹ ሦስት እጩዎች አንዱ ሆነ። ሽልማቱን ሌላ ተጫዋች ወሰደ። ሺሊንግተን ከዚያ ወደ ኮሎራዶ፣ ከዚያም በ2025 ወደ አናሃይም ተዛወረ። ሙያው እንዲህ ነው፤ ሻንጣ ማዘጋጀትና መፍታት ይበዛዋል።

ወላጆች፣ እዚህ ላይ እንነጋገር። በኛ ቤት የተሰበረ እጅ ለሐኪም ይታያል፤ የተሰበረ ልብ ግን "ቻለው" ይባላል። "ወንድ ልጅ አይደለህ?" "እኛ ስንት አሳልፈን!" እንላለን። እኔም ብያለሁ። ልጆቻችን ያሳለፍነውን ስለሚያውቁ የነሱ ሐዘን ከኛ ጋር ሲተያይ ትንሽ እየመሰላቸው ይደብቁታል። ከዚያ ሐዘኑ የሆድ ሕመም ሆኖ ይወጣል። ሆዱን የሚያመውም እውነት ነው፤ አይዋሽም።

ልጃችሁ ለሳምንታት ዝም ካለ፣ ከሚወደው ነገር ከሸሸ፣ እንቅልፉ ከተዛባ ለፔዲያትራው ንገሩት። እዚህ አገር በጤና አገልግሎቱ የተመዘገበ ልጅ ሁሉ የራሱ የሕፃናት ሐኪም አለው፤ ክፍያም የለውም። በየአካባቢው ያለው ኮንሱልቶሪዮ ፋሚሊያሬም የቤተሰብን ጭንቀት የሚያዳምጡ ባለሙያዎች አሉት። ይህ ማፈሪያ አይደለም። ሺሊንግተን ያደረገው ይህንኑ ነው፤ ሸክሙ ሲከብደው "አልቻልኩም" ብሎ ተናገረ።

የዶክተሩ ልጅ

"እሱ ግን በራሱ ግብ አላስቆጠረም" አለ ልጄ። ጥያቄው ተገቢ ነው። ስለዚህ ሌላ ተከላካይ ነገርኩት፤ ይሄኛው የእግር ኳስ ነው፣ የኛው ልጅም ነው። ቴዎዶር ገብረ ሥላሴ። አባቱ ከኢትዮጵያ ሄዶ የቀረ ሐኪም፣ እናቱ ቼካዊት። በ1986 ትሬቢች በምትባል ከተማ ተወለደ። እህቱ አና በእጅ ኳስ ለአገሪቱ ተጫውታለች። እሱ ለቼክ ብሔራዊ ቡድን የተሰለፈ የመጀመሪያው ጥቁር ተጫዋች ሆነ።

በ2012 የአውሮፓ ዋንጫ ላይ ቼክ እስከ ሩብ ፍጻሜ ስትደርስ በቀኝ መስመር የሚከላከለው እሱ ነበር። ሩብ ፍጻሜው ዋርሶ ላይ ከፖርቱጋል ጋር ነበር። እስከ 79ኛው ደቂቃ ድረስ ዜሮ ለዜሮ። ያኔ ክሪስቲያኖ ሮናልዶ ቀድሞት ገባና በግንባሩ አስቆጠረ። አንድ ለዜሮ፤ ቼክም ወደ ቤቷ ተመለሰች። የዚያን ግብ ቪዲዮ ስታዩ ከሮናልዶ ኋላ የቀረው ሰው ገብረ ሥላሴ ነው።

"ከዚያስ?" አለ ልጄ።

ከዚያማ በዚያው ክረምት የጀርመኑ ቬርደር ብሬመን ወሰደው፤ ዘጠኝ ዓመትም እዚያ ተጫወተ። ያቺን ግብ የዓለም ሕዝብ አይቷታል፤ የወሰዱትም ሰዎች አይተዋታል። እነሱ ያዩት ግን ሌሎቹንም ደቂቃዎች ጭምር ነው።

በጣሪያ ውስጥ የተደበቁ ማሰሮዎች

የመጨረሻው ማረፊያችን ከመናፈሻው አጠገብ፣ በካዚሊና ጎዳና ላይ ነው። የሰፈሩ ስም የመጣውም ከዚህ ነው። ቶር ማለት ግንብ፣ ፒኛታ ማለት ደግሞ ማሰሮ። የማሰሮ ግንብ! ግንቡ ግን ግንብ አይደለም፤ መቃብር ነው። የማን መሰላችሁ? የንግሥት እሌኒ፤ የቆስጠንጢኖስ እናት።

አዎ፣ ያቺው እሌኒ። በየዓመቱ መስከረም 16 ደመራ ስንደምር፣ ጭሱ ወደ የት እንዳዘነበለ ስናይ የምናስባት እሌኒ። ልጆቻችሁ መስቀልን በሮም ሲያከብሩ፣ ንግሥቲቱ የተቀበረችበት ቦታ በባቡር ጥቂት ፌርማታ ብቻ እንደሚርቅ ያውቃሉ? እኔ ለዓመታት በዚያ ሳልፍ አላወቅሁም ነበር። የተቀበረችበት ከቀይ ድንጋይ የተፈለፈለ ሣጥን ዛሬ ቫቲካን ሙዚየም ውስጥ ነው። ክቡ ሕንፃ ግን 1,700 ዓመት ገደማ ሆኖት እዚያው ቆሟል። ውስጡን ለማየት የጉብኝት ቀኑን ቀድማችሁ ጠይቁ፤ ከውጭም ቢሆን ይታያል።

ጣሪያው አብዛኛው ፈርሷል። በፈረሰበት በኩል ቀና ብላችሁ ስታዩ ግድግዳው ውስጥ ክብ ክብ ጉድጓድ ይታያችኋል። እነዚያ ናቸው ማሰሮዎቹ። ግንበኞቹ ጣሪያውን ድፍን ድንጋይ ቢያደርጉት ክብደቱ ግድግዳውን ያደቀው ነበር። ስለዚህ ባዶ የሸክላ ዕቃ በሲሚንቶው መሐል እየቀበሩ ሠሩት፤ ጣሪያው ቀለለ።

"ባዶ ማሰሮ ነው የተሸከመው?" አለች ትንሿ፣ እየሳቀች።

ልጄ ብዙ ጊዜ ቀና ብሎ ሲያይ ቆየ። ከዚያ "ጣሪያው ባይፈርስ ኖሮ ማንም አያያቸውም ነበር ማለት ነው" አለ። ትንሽ ቆይቶ ደግሞ፣ ወደ እኔ ሳይዞር፣ "እማ፣ ያን ቀን ኳሷን አይቻት ነበር። እግሬ ነው የቀደመኝ" አለኝ። ጓደኞቹ ምን እንዳሉትም ነገረኝ። እዚህ አልጽፈውም፤ የሱ ነው። እኔ በዚያ ሰዓት ምንም ምክር አልሰጠሁም። "ያማል" አልኩት ብቻ። "ያማል" አለኝ።

ስንመለስ ከአንዱ ሱቅ ትኩስ ሳምቡሳ ገዝተን ባቡሯ ውስጥ በላን። ቅመሙ ከኛው ትንሽ ይለያል፣ ግን ይጣፍጣል።

ማክሰኞ ለልምምድ ሄደ። ሐሙስ ደግሞ ሆዱን አመመው። እኔም አጠገቡ ተቀምጬ "ሆድህ ነው ወይስ ሌላ?" ብዬ ጠየቅሁት። "ሌላ" አለኝ። እያወራን ነው።